መጀመሪያ ዘመድ ጥሩ፣ የዘር ሐረጉ ይደርሳል

ሰሞኑን አንድ ልጅ ደወለልኝ። አባቱ የናዝሬት (የዛሬዋ አዳማ) ሰው ነው፣ እናቱ አሜሪካ ያለችው የፔንሲልቬኒያ ላንካስተር ሜኖናይት፣ ማለትም የአንድ ፕሮቴስታንት እምነት ወገን። "ጋሼ፣ የእናቴን ዘር ቆጥሬ ልጨርስና ዘመዶቿን በሙሉ አንድ ቀን ልሰበስባቸው ነው" አለኝ። ጎሽ አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩን ገልብጦ እንደያዘው ገባኝ። እኔም ስንት ዓመት ገልብጬ ይዤው ነበርና ይቺን ለእሱና እንደሱ ላላችሁ እጽፋለሁ።

እኔም ናዝሬት ነው ያደግኩት። የአሜሪካ ሜኖናይቶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መጥተው ሆስፒታል ይሠሩባት ነበር፤ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ከእነሱ አገልግሎት ነው የተነሳችው። በኋላ እንጀራ ላንካስተር አደረሰኝና ሠላሳ ዓመት ቤተ መዛግብት ውስጥ ሠራሁ። ሥራዬ ባጭሩ አያቱን ለሚፈልግ ሰው ካርቶን ማውረድ ነበር።

የሜኖናይት ዘር ፍለጋ የራሱ ጣጣ አለው። ሰዎቹ ሕፃን አያጠምቁም። ነገሩ የተጀመረው በ1525 ዙሪክ ላይ አዋቂዎች እንደገና ሲጠመቁ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ)። ለዚህ እምነት ሰው ሞቷል፤ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነውን ፌሊክስ ማንዝን በ1527 እዚያው ዙሪክ ሊማት ወንዝ ውስጥ አስጥመው ገደሉት። ለእኛ ለመዝገብ ቆፋሪዎች ደግሞ ትርጉሙ ሌላ ነው። ሕፃን ካልተጠመቀ የሕፃን ጥምቀት መዝገብ የለም፣ ስለዚህ ሌላው ፈረንጅ የአያቱን ልደት ከሚያገኝበት ቦታ እናንተ ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ።

ከስዊስ የተነሱት ሜኖናይቶች ላንካስተር የሰፈሩት ከ1710 ጀምሮ ነው። ከ1727 በኋላ ፊላደልፊያ የሚደርሱ የጀርመንኛ ተናጋሪዎች ስም ይመዘገብ ነበር፣ ግን በአብዛኛው የሚፈርሙት ከ16 ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶች ናቸው። እናቶችና ልጆች የሉበትም። ሴቶችን የምታገኟቸው ኑዛዜ ውስጥ ነው። አባት ሲሞት ላሟን ለማን፣ አልጋውን ለማን እንዳወረሰ ይጻፋል፣ ያገባች ልጁም ከነባሏ ስም እዚያ ትገኛለች። ኑዛዜ አትዝለሉ።

ስምም ያሳስታል። ሁበር ሁቨር ይሆናል፣ ጉት ጉድ ይሆናል፣ ዚመርማን ጭራሽ ተተርጉሞ ካርፔንተር ይሆናል። አትሳቁ። የእኔና የወንድሜ ልጆች እዚህ አገር በቤተሰብ ስም አይገናኙም፤ የእኔዎቹ በአያታቸው ስም ተመዘገቡ፣ የሱዎቹ በሱ ስም። የዛሬ መቶ ዓመት የሚፈልገን ሰው አበሳውን ያያል። ካላንደሩም እንደዚያው ነው። እስከ 1752 ድረስ በእንግሊዝ ግዛት ዓመቱ የሚቀየረው ማርች 25 ነበር፣ ስለዚህ ሰነዱ ላይ "ፌብሩዋሪ 1730" ተብሎ የተጻፈ ልጅ ዛሬ በምንቆጥረው 1731 የተወለደ ሊሆን ይችላል። መስከረም ላይ ዓመት ለሚቀይር ሰው ይሄ ብርቅ አይደለም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አንድ ቤተሰብ የዘር መጽሐፍ እንዳዘጋጅለት ጠየቀኝ። በድሮ ሐረጋቸው ውስጥ ያኮብ የሚባል ልጅ አለ፣ ከዚያ በኋላ ዱካው ይጠፋል። የግብር መዝገብ ላይ ያኮብ አገኘሁ። የአባት ስሙ ልክ፣ ሰፈሩ ልክ፣ ዘመኑ ልክ። ያው ነው ብዬ ዘጠኝ ልጆች አስወለድኩትና መጽሐፉ ታተመ። ቸኩዬ ነበር፤ ቤተሰቡ ኦገስት ላይ ለጠራው የዘመድ ስብሰባ መድረስ ነበረበት።

ቅዳሜ ቀን፣ የእርሻ መጋዘን ውስጥ፣ ሁለት መቶ ሰው። ወደ ከሰዓት ላይ አንዲት ሰማንያ ያለፋቸው ሴትዮ የትራስ ልብስ አቅፈው ገቡ። ማንም አልጠራቸውም፤ ከጎረቤት ሰምተው ነው የመጡት። ወንድማቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሆኖ ዘመተ። ሜኖናይት ደግሞ ጠመንጃ አያነሳም። ከቤተ ክርስቲያን አባልነት ሰረዙት፣ ቤተሰቡም ተከትሎት ወጣ፣ በዚያው ከዘመድ ዝርዝርም ወጡ። እኔም የሰጡኝን ዝርዝር ነው የተከተልኩት። "ሌላስ ማን አለ?" ብዬ አልጠየቅኩም።

ከትራስ ልብሱ ውስጥ የጀርመንኛ መጽሐፍ ቅዱስ ወጣ። በብሉይና በሐዲስ ኪዳን መሀል ባለው ባዶ ገጽ፣ ቡናማ በሆነ ቀለም፣ የልጆቹ ልደት ተራ በተራ ተጽፏል። ያኮብም አለ። ከስሙ ጎን አንዲት ትንሽ መስቀል፣ ከመስቀሏ ቀጥሎ ቀን። ዘጠኝ ልጆች ያስወለድኩት ሰውዬ በአራት ዓመቱ ሞቷል።

መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ካሉት ሰዎች ሰባ የሚሆኑት የሌላ ያኮብ ዘር ናቸው ማለት ነው። የድንች ሰላጣውን ይዘው የመጡት ደግሞ እነሱ ናቸው! አንዱ ሽማግሌ "እንግዲህ ምግቡን ይዘን እንሂድ?" ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀው። አልሄዱም። በየዓመቱ ይመጣሉ።

ስለዚህ ያንተን ነገር ገልብጠው። የምታውቃቸውን አሥር ሰዎች አሁኑኑ ጥራ፣ ሐረጉ ጎዶሎ ይሁን። ግድግዳው ላይ ረጅም ወረቀት ለጥፍ፣ እያንዳንዱ የራሱን ቤት በእጁ ይጻፍ፣ የተሳሳተውን ይሰርዝ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጥያቄ አቅርብ፦ "እዚህ መኖር ሲገባው የቀረ ማን ነው?" የተኮራረፈውን፣ የኮበለለውን፣ ከእምነት ውጭ ያገባውን ጥራ። አሮጌ ወረቀት ብዙ ጊዜ እነሱ ቤት ነው ያለው፤ ከመሄዳቸው በፊት ይዘውት የወጡት ነገር ያ ብቻ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱን ውሰድ እንዳትል። እዚያው በስልክህ አንሳና መልስላቸው፣ ድምፃቸውንም ቅዳ። መጽሐፉን ለማሳተም ደግሞ አትቸኩል።

እኔ አንድ ገጽ ማረሚያ አሳትሜ መጽሐፉን ለገዛው ሁሉ በፖስታ ላክሁ፣ ከኪሴ። ሦስቱ "አድራሻው አልተገኘም" ተብለው ተመለሱ። እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው፤ ያ ልጅ እንደገና ሲደውል በእነሱ ጀምር እለዋለሁ።