ከካሜራው በፊት ስለ ፋይሉ ጠይቁ፦ ለወጣት ፊልም ሠሪዎች

«ጋሼ፣ የቱን ካሜራ ልግዛ?» ትሉኛላችሁ። ፊልም ለመሥራት የቆረጠ ሰው ጥያቄ ስለሆነ ደስ ይለኛል። መልሴ ግን ሁልጊዜ በጥያቄ ይጀምራል። ካሜራው የሚሰጣችሁ ፋይል ምን ዓይነት ነው? በምን ኮምፒውተር ኤዲት ታደርጉታላችሁ? የት ታስቀምጡታላችሁ? መጨረሻ ላይስ የት ይታያል? እነዚህን የመለሰ ሰው ከሁለትና ሦስት ካሜራ በላይ ማማረጥ አያስፈልገውም።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። እኔ በሙያው ያደግሁት በካሴት ነው። ዲቪ የሚባለው ፎርማት በ1995 ሲወጣ በሰከንድ 25 ሜጋቢት እየጻፈ አንድ ሰዓት ምስል በ13 ጊጋባይት ገደማ ያስቀምጥ ነበር። በእኛ አገር በተለመደው ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የምስሉ መጠን 720 በ576 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ነው። ዛሬ ስልካችሁ ያንን ቁጥር ያስንቃል። ነገር ግን ሰርጉም፣ ድራማውም፣ በሲኒማ ቤት በፕሮጀክተር የታየው የአማርኛ ቪዲዮ ፊልምም በዚያ ትንሽ ምስል ነው የተሠራው። ሰውም ተሰልፎ አይቶታል።

በዚያ ዘመን ሁላችንም የምንመኛቸው ሁለት ካሜራዎች ነበሩ። የሶኒው ፒዲ 150 እና በ2002 የመጣው የፓናሶኒኩ ዲቪኤክስ 100። ሁለቱም የሚጽፉት በዚያው ትንሽ ካሴት፣ በዚያው 25 ሜጋቢት ነው። ምስላቸው ግን አይገናኝም። ሶኒው አንዱን ፍሬም (ቪዲዮውን ከሚሠሩት ተከታታይ ምስሎች አንዱን) ለሁለት ከፍሎ መስመር እየዘለለ ነው የሚቀርጸው፤ እንቅስቃሴው የዜና መልክ አለው። ፓናሶኒኩ ሙሉ ፍሬም በአንዴ መያዝ ስለሚችል የፊልም ስሜት ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ሻጩ የፒክስል ብዛት ሲቆጥርላችሁ በትዕግሥት ስሙት፤ ከዚያ ግን እንቅስቃሴውን እንዴት እንደሚይዝ ጠይቁት።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ካሜራም ራሱን የቻለ ጣጣ ነበረው። አሜሪካ የሚሸጠው ኤንቲኤስሲ በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ በሰከንድ 30 ፍሬም አካባቢ ነው የሚሠራው። እኛ ግን በ25 ነው የምንሠራው። የድሮዎቹ አንዴ ከተሠሩበት ሥርዓት አይወጡም። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ በሜኑ ይቀየራሉ። ከዋሽንግተን ወይም ከዳላስ ዕቃ ሲመጣላችሁ መጀመሪያ የምትከፍቱት ሜኑ እሱ ይሁን።

ነገሩ ከመብራት ጋር ይያያዛል። የእኛ የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ኸርዝ ነው። ሸምበቆ መብራት (ፍሎረሰንት) እና ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ያየዋል። ሹተሩን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ 1/60 ሰከንድ ላይ አድርጋችሁ ቢሮ ውስጥ ብትቀርጹ ምስሉ ሲርገበገብ ታገኙታላችሁ፤ ያንን በኤዲቲንግ ማስተካከል ራስ ምታት ነው። 1/50 ወይም 1/100 ላይ አስቀምጡት። አሜሪካ ያላችሁ ልጆች ደግሞ በተቃራኒው 1/60 ያዙ፤ የዚያ አገር ኤሌክትሪክ 60 ኸርዝ ነው።

በ2008 ካኖን 5ዲ ማርክ 2 መጣና ሁሉም ካሴቱን ጣለ። ከኋላ ያለውን ሁሉ የሚያደበዝዝ ትልቅ ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) በዚያ ዋጋ አይተን አናውቅም ነበር። ችግሩ ግን ወዲያው ታየን። አንድን ሾት ከ12 ደቂቃ ገደማ በላይ መቅረጽ አይችልም። እስከ 2010 ድረስ 25 ፍሬም አልነበረውም። ከሁሉም የከፋው ደግሞ የሴንሰሩን መስመሮች እየዘለለ ስለሚያነብ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ላይ ሲያርፍ የሌለ ቀለምና ሞገድ ይፈጥር ነበር። በጥበብ ያማረች ሙሽራ በስክሪን ላይ ስትንቀጠቀጥ አስቡት። ዛሬም ካሜራ ስትሞክሩ አንድ ጥለት ያለው ልብስ ይዛችሁ ሂዱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የእኛ አገር ብርሃን ካሜራን ይፈትናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የቀትር ፀሐይዋ ኃይለኛ፣ ጥላዋ ድቅድቅ ነው። በዚያ ሰዓት ነጭ ነጠላ የለበሱ ጠይም እናት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ቆመዋል እንበል። ለፊታቸው ብርሃኑን ስታስተካክሉ ነጠላው ነጥቶ ሽመናው ይጠፋል። ለነጠላው ስታስተካክሉ ፊታቸው ይጨልማል። ሁለቱንም የሚይዝ ካሜራ ነው የምትፈልጉት። ይህን የሚወስነው ሴንሰሩ ብቻ ሳይሆን አቀራረጹም ጭምር ነው።

8 ቢት ፋይል ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ አለው። 10 ቢት 1,024 አለው። ሎግ የምትሉት አቀራረጽ ከጨለማው እስከ ብርሃኑ ያለውን ሁሉ ጨምቆ በእነዚህ ደረጃዎች ውስጥ ያስገባል። በ8 ቢት ሎግ ቀርጻችሁ የእኒያን እናት ፊት በኋላ ለማብራት ስትሞክሩ ጉንጫቸው ላይ የቀለም መስመር ይወጣል፤ ጥላው ውስጥ ደግሞ የሚርመሰመስ ነጠብጣብ (ኖይዝ) ይፈላል። ስለዚህ ካሜራችሁ 8 ቢት ብቻ ከሆነ ሎግን ተዉት። በተለመደው ፕሮፋይል ኮንትራስቱን ቀንሳችሁ፣ ብርሃኑን እዚያው ቦታው ላይ አስተካክላችሁ ቅረጹ። በአንሶላም በነጭ ፎምም ቢሆን ብርሃን ፊት ላይ መልሱ።

ምረጥ ብትሉኝ ብዙ ፒክስል ካለው 4ኬ በ8 ቢት ይልቅ ከፍታው 1080 ፒክስል የሆነውን በ10 ቢት እመርጣለሁ፤ ቀለሙም 4:2:2 (የቀለም ዝርዝሩን በደንብ የሚይዝ አቀራረጽ) ቢሆን ደስ ይለኛል። ብዙዎቻችሁ እንደማትስማሙ አውቃለሁ። ግን የሲኒማ ቤቱ 2ኬ ራሱ ከፍታው 1,080 ነው። ዩቲዩብ ላይ ፊልማችሁን የሚያየው ሰው ደግሞ በስልኩ፣ ካርዱ እንዳያልቅ ጥራቱን ቀንሶ ነው የሚያየው። የተበላሸ የፊት ቀለም ግን በስልክም ይታያል።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፋይሉን ጨምቆ ማሳነስ። ከዲቪ በኋላ ኤችዲቪ ሲመጣ በዚያው ካሴት፣ በዚያው 25 ሜጋቢት 1440 በ1080 ምስል ሰጠን። ይህ የተቻለው እያንዳንዱን ፍሬም ሙሉ በሙሉ መጻፍ ትቶ በአብዛኛው ከፊተኛው የተለወጠውን ብቻ ስለሚጽፍ ነው። ዋጋው ምን ነበር? ዲቪ ካሴት ላይ ትንሽ አቧራ ብታርፍ አንድ ፍሬም ይበላሻል፤ ኤችዲቪ ላይ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይሄዳል። የዛሬዎቹ የመጭመቂያ ዘዴዎች፣ ኤች 264 እና ኤች 265፣ በብዛት የሚሠሩት በዚያው መንገድ ነው። ፋይሉ ትንሽ ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዱን ፍሬም ለማሳየት ብዙ ማስላት አለበት። ላፕቶፓችሁ የሚያቃስተው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ፕሮክሲ ነው፦ ቀለል ያለ ኮፒ ሠርታችሁ በእሱ ቁረጡ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ዋናው መልሱት። እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው የሚጽፉት እንደ ፕሮሬስ ያሉት ለኤዲቲንግ ይመቻሉ፤ ሃርድ ዲስክ ግን ይበላሉ።

እስቲ እናስላው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት ማለት በሰዓት 45 ጊጋባይት ነው። 20 ሰዓት ብትቀርጹ 900 ጊጋባይት። በ400 ሜጋቢት ከሆነ 3.6 ቴራባይት ይደርሳል። ሁለት ኮፒ ግዴታ ስለሆነ እጥፍ አድርጉት። ራው (ሴንሰሩ የያዘውን እንዳለ የሚያስቀምጥ ከባድ ፋይል) ልቅረጽ የሚል ልጅ ሲመጣ የምጠይቀው የሃርድ ዲስኩን በጀት ነው። በጀቱ ካለ መልካም፤ ከሌለ ጥሩ 10 ቢት ኤች 265 ምንም አያሳፍርም።

ስለ ሞዴል ካነሳን፣ በ2017 የወጣው ፓናሶኒክ ጂኤች 5 ያገለገለው እንኳን 10 ቢት 4:2:2 በራሱ ካርድ ላይ ይጽፋል፤ ለጀማሪ የምመክረው እሱን ነው። ለሌሊት ቀረጻ ሶኒ ኤፍኤክስ 3 ድንቅ ነው። ግን በውስጡ ኤንዲ ፊልተር (ወደ ካሜራው የሚገባውን ብርሃን የሚቀንስ መስታወት) የለውም፤ በቀትር ፀሐይ 1/50 ሹተር ይዛችሁ ያለ ኤንዲ አትሠሩም። የብላክማጂክ ፖኬት 4ኬ በቀጥታ ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) ላይ ይቀርጻል፣ ቀለሙም ያምራል፤ ባትሪ ግን ቶሎ ይጨርሳል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይህን አስቀድማችሁ አስቡ። የምትከራዩ ከሆነ የራሳችሁን ካርድና ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ የቀን፣ አንድ የሌሊት ሾት ቀርጻችሁ፣ ቤት ገብታችሁ ቀለሙን አስተካክላችሁ እዩ። ከበጀቱም ለማይክ አስቀሩ። ድምፁ የማይሰማ ፊልም ተመልካች አይታገሰውም።

አንድ ልመና አለኝ። በየቤቱ ሳጥን ውስጥ የተቀመጡ የሚኒ ዲቪ ካሴቶች አሉ። የእናንተ አጎት ወይም ጎረቤት የቀረጹት ፊልም፣ ሰርግ፣ የሰፈር ትዕይንት ሊሆን ይችላል። ካሴቱ ያረጃል፤ ማጫወቻውም እየጠፋ ነው፤ የዛሬ ላፕቶፕ ደግሞ ካሴቱን ከካሜራው የሚቀበልበት የፋየርዋየር ገመድ ሶኬት የለውም። የሚሠራ ካሜራና የቆየ ኮምፒውተር የምታገኙ ከሆነ አሁኑኑ ገልብጡት። የአንድ ሰዓት ካሴት አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ 13 ጊጋባይት ይይዛል። መጀመሪያ የካሜራውን ሄድ (ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል) አጽዱ፣ ካሴቱን አንዴ እስከ መጨረሻው አዙራችሁ መልሱት። ጨምቃችሁ በቴሌግራም መላክ ትችላላችሁ፤ ዋናውን የዲቪ ፋይል ግን ሳትነኩ በሁለት ዲስክ አስቀምጡት፤ አንዱ ዲስክ ሌላ ቤት ይደር።