ለአስተዋዋቂ ከመክፈልሽ በፊት

ከሐረር ጀጎል የጻፍሽልን እኅታችን፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ደጋግሜ አነበብኩት። ከእናትሽና ከአክስትሽ ጋር የምትሰፉትን የመሶብና የሙዳይ ስፌት በቲክቶክ ማሳየት ከጀመርሽ ዓመት ሊሞላሽ እንደሆነ፣ 11 ሺህ ተከታይ እንዳፈራሽ፣ ቪዲዮዎችሽ በ"ማሻአላህ" እና በልብ ምልክት እንደሚጥለቀለቁ፣ ሆኖም በወር ከሁለት ወይም ከሦስት ስፌት በላይ እንደማትሸጪ ነግረሽናል። አሁን ደግሞ አንድ የአዲስ አበባ ታዋቂ ቲክቶከር ለአንድ ቪዲዮ 40 ሺህ ብር ስለጠየቀሽ "ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?" ብለሻል። የድሬ ልጅ ስለሆንኩ "አንቺ" ማለቴን እንደ ድፍረት እንደማታዪብኝ ተስፋ አደርጋለሁ። አጭሩ መልሴ አሁን አትክፈዪ የሚል ነው፤ ምክንያቱን ግን ከራሳችን ሱቅ ተነሥቼ ባስረዳሽ ይሻላል።

እናቴ እዚህ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ውስጥ ድሪያ የሚባለውን ሰፊና ቀለል ያለ የሴት ቀሚስና የድሪያ ጨርቅ ስትሸጥ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗታል። እኔ ዕቃውን በስልክ ማሻሻጥ የጀመርኩት በ2011 ሲሆን መጀመሪያ ላይ የማደርገው አንቺ አሁን የምታደርጊውን ነበር፤ ድሪያውን በሩ ላይ እሰቅላለሁ፣ ፎቶ አነሣለሁ፣ ዘፈን እጨምርበታለሁ፣ ከሥሩ "ለበለጠ መረጃ ይደውሉ" ብዬ እለጥፋለሁ። በ2014 ክረምት ለአንድ ስሙ ለገነነ ልጅ ገንዘብ ከፍለን ሱቃችን ድረስ መጥቶ ቀረጸን። ቪዲዮው ከ200 ሺህ ጊዜ በላይ ታየ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ከ600 ያላነሰ መልእክት ገባልን። የሸጥነው ግን ዘጠኝ ድሪያ ብቻ ነበር። ልጁን ለወራት ያህል ስወቅሰው ከርሜ፣ አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ እነዚያን መልእክቶች ከላይ እስከ ታች ሳነብ ጥፋቱ የኛ መሆኑ ገባኝ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰው የጠየቀው አራት ነገር ነው፦ ስንት ነው? የት ድረስ ትልካላችሁ? ጨርቁ ገላ ያሳያል ወይ? ሲታጠብ ቀለሙ ይለቃል? ከጠያቂዎቹ ለሚበልጡት መልስ የሰጠነው ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ነበር፤ ያን ጊዜ ሰውየው ሐሳቡን ቀይሯል ወይም ከሌላ ሱቅ ገዝቷል። ልጁ ገዢውን እስከ በራችን አድርሶልናል፤ ባንኮኒው ላይ ግን ሰው አልነበረም።

ከአራቱ ውስጥ "ገላ ያሳያል ወይ?" የሚለው ለኔ ትምህርት ሆኖኛል። ሱቅ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ እናቴ በቃል መልስ ሰጥታ አታውቅም። ከጣቃው ላይ አንድ ክንድ ያህል ስባ ጨርቁን በግራ መዳፏ ላይ ትዘረጋውና ወደ በሩ ብርሃን ቀርባ ጣቶቿን ከሥሩ ፈርከክ ታደርጋለች፤ ከዚያም ለደንበኛዋ "ጣቴን ቁጠሪ" ትላታለች። ጣቶቹ ከተቆጠሩ የውስጥ ቀሚስ እንደሚያስፈልገው ራሷ ትናገራለች፣ ካልተቆጠሩ ዝም ብላ ዋጋውን ትጠራለች። አንድ ቀን ይህንኑ ሳታውቅ በስልኬ ቀረጽኳት። ቪዲዮው 17 ሰከንድ ነው፤ ዘፈን የለውም፣ ከውጭ የባጃጅ ጡሩንባ ይሰማበታል። ከሥሩ ዋጋውን፣ ስንት ሜትር እንደሆነና አዲስ አበባ ድረስ በስንት ብር እንደምንልክ ጻፍኩ። ያየው ሰው ያ ታዋቂ ልጅ ካመጣልን ተመልካች አንድ አሥረኛውን አይሞላም፤ ያ ጣቃ ግን በማግሥቱ አለቀ። ከዚያ ወዲህ የማስታወቂያ ሐሳብ ሲጠፋብኝ እናቴ ጥግ ተቀምጬ ደንበኞች ዕቃውን እንዴት እንደሚነካኩት አያለሁ።

የአንቺን ቪዲዮዎች ትናንት አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ። በጣም ያምራሉ፤ ችግሩም እዚያው ላይ ያለ ይመስለኛል። ስፌቶቹ በሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ ተደርድረው፣ ከፊት ቀዩ ነደባ (የመቀመጫው መደብ) እየታየ፣ ካሜራው ከአንዱ ወደ ሌላው ይንሸራተታል። ተመልካቹ የሚያደንቀው ቤቱን ነው፤ ከዚያ ሁሉ መካከል የሚሸጠው የትኛው እንደሆነና የትኛው የአያትሽ ቅርስ እንደሆነ በምን ያውቃል? ስፌት ሊገዛ የመጣ ሰው ዕቃው እጁ ላይ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ገልብጦ መቀመጫውን ያያል፣ ቀጥሎ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ይጫናል፣ ክዳኑን ከፍቶ ይገጥማል፣ በአክርማ የተሰፋ ነው ወይስ በክር ብሎ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ በእሱ ፈንታ የአንቺ እጅ ይሥራለት። መጠኑን በሴንቲሜትር ብቻ አትጻፊ፤ መሶቡ ላይ አንድ ሙሉ እንጀራ አድርጊበት፣ ትንሿን ሙዳይ መዳፍሽ ላይ አስቀምጫት። እናትሽ በወስፌ ወግታ አክርማውን ስታሳልፍ የሚሰማው ድምፅ ከማንኛውም ዘፈን ይሻላልና አታጥፊው። አንድ ቪዲዮ አንድ ስፌት ብቻ ይኑረው።

ዋጋን በተመለከተ ከብዙ ነጋዴ ወዳጆቼ ጋር አልስማማም። አብዛኞቻችን "ዋጋ በውስጥ መስመር" የምንለው ተፎካካሪ እንዳያይብን ወይም እንደ ገበያው ደንበኛ ሲከራከር ዝቅ ለማለት እንዲመቸን ነው። እኛ ዋጋ በግልጽ መጻፍ ስንጀምር በቀን የሚገባው መልእክት ከግማሽ በታች ወረደና እናቴ "አየህ፣ አባረርካቸው" ብላኝ ነበር። ወሩ ሲያልቅ ሒሳቡን ስናየው ግን ሽያጩ ጨምሯል፤ የቀሩት ቀድሞም የማይገዙት ነበሩ፣ የመጡት ደግሞ ዋጋውን አውቀው የመጡ ናቸው። በተለይ እንደ ስፌት ብዙ ቀን የሚፈጅ የእጅ ሥራ ዋጋው ከፍ ማለቱ ስለማይቀር፣ አንድ ሰው ጠይቆ "ውድ ነው" ከማለት ይልቅ ዝም ብሎ ማለፍን ይመርጣል። ዋጋውን ጻፊ፤ ከጎኑም ስንት ቀን እንደተሰፋ ጻፊ።

አሁን ወደ 40 ሺው ልመለስ። በጥያቄሽ ውስጥ ጠቅሰሽ ያለፍሽው አንድ ነገር አለ፤ ከሦስታችሁ እጅ በወር የሚወጣው ቢበዛ 12 ስፌት ነው ብለሻል። እንግዲህ አንቺ የሚያስፈልግሽ 200 ሺህ ተመልካች ሳይሆን በወር 12 ገዢ ነው። ያ ቲክቶከር ቢሳካለትና 80 ሰው ቢያዝዝ ምን ታደርጊያለሽ? ከስድስት ወር በላይ ጠብቁ ካልሻቸው ይናደዳሉ፤ አቻኩለሽ ካስሰፋሽ ደግሞ ሥራው ይበላሻል፤ ከሌላ ገዝተሽ ልሙላ ካልሽ የእናትሽን እጅ አስተዋውቀሽ የማታውቂውን እጅ ልትሸጪ ነው። እኛ ጣቃ ሲያልቅብን ሌላ ጣቃ እናመጣለን፤ ስፌት እንደዚያ አይደለም።

አሥራ ሁለቱን ገዢ ለማግኘት ያለሽ 11 ሺህ ከበቂ በላይ ነው፤ የጎደለው ማጠራቀሚያው ነው። ቲክቶክ የሚያሳየው ለተከታዮችሽ ብቻ ሳይሆን ለማያውቁሽም ሰዎች ነው፤ የተከተለሽ ሰውም ቀጣዩን ቪዲዮሽን ላያየው ይችላል። ስለዚህ እሱ መንገድ ላይ ቆሞ እንደሚጣራ ልጅ ይቆጠር። የቴሌግራም ቻናል ግን ሱቅ ነው፤ የገባው ሰው የለጠፍሽውን ሁሉ በተራ ያገኘዋል፣ ስንት ሰው እንዳየው ከሥሩ ይታይሻል፣ ሲሸጥም "ተሽጧል" ብለሽ ማረም ትችያለሽ (አታጥፊው፣ የተሸጠ ዕቃ ሲታይ ሌላው ገዢ ይተማመናል)። የቻናሉ የመጀመሪያ መልእክት ተሰክቶ የሚቀመጥ ይሁንና አድራሻሽን፣ የመላኪያ ዋጋሽንና የቀብድ ሥርዓትሽን ይያዝ። በጅቡቲ፣ በዓረብ አገሮችና በቶሮንቶ ላሉት ደግሞ ዋትስአፕ ቢዝነስ ይሻላል፤ ዕቃን ከነዋጋው መደርደሪያ አለው። ፌስቡክን ሞክረነዋል፤ የተከፈለበት ማስታወቂያ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ በሚሠራ ካርድ ስለሆነ ብዙዎቻችን በደላላ ነበር የምናሠራው፤ በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ተለውጦ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ከሄደ በኋላ ለኛ ዓይነት ሱቅ አላዋጣንም።

ከሁሉም በላይ ግን የገዛሽን ሰው ስልክ ቁጥር በደብተር ያዢ። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ለአምስት ወር ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲገደቡ ቪፒኤን ከሚጠቀሙት በስተቀር ቻናላችን ውስጥ የነበረው ሕዝብ በአንድ ጊዜ ጠፋብን። ያን ጊዜ ያቆየን እናቴ በአሮጌ የዱቤ ደብተር ጀርባ ስም፣ ስልክና የሚወዱትን ቀለም እየጻፈች ያጠራቀመችው 140 ያህል ቁጥር ነበር። በአጭር መልእክት "የወደድሽው ዓይነት አረንጓዴ ገብቷል" ስትላቸው ይመጡ ነበር።

ስለ ጊዜ ብዙ አልልም፤ ገበያሽን አንቺ ታውቂዋለሽ። ከረመዳን በኋላ የሚከበረው የሐረሪዎች በዓል ሸዋሊድ በኅዳር 2016 በዩኔስኮ መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ ስለ ሐረር ለሚሰማ እንግዳ ሁሉ መግቢያ ሆኖልሻልና፣ ለበዓሉ የሚሆነውን ስፌት ረመዳን ሳይገባ ማሳየት ጀምሪ፤ እኛም ለቁልቢ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የምንለጥፈውን ከሦስት ሳምንት በፊት እናዘጋጃለን። በቀን ውስጥ ደግሞ ጫት በሚቃምበት በበርጫ ሰዓት ላይ የሚለጠፍ ነገር ብዙ ይታያል፣ ብዙም ይታዘዛል፤ በምርቃና የታዘዘ ዕቃ ግን ማታ ስለሚሰረዝ እኔ ያለ ቀብድ አልይዝም።

ቀብድን ካነሣሁ አይቀር፣ ትእዛዝ ስትቀበዪ ግማሹን አስቀድመሽ ተቀበዪ፤ የቀረውን ስፌቱ አልቆ በቪዲዮ ካሳየሻቸው በኋላ። የክፍያ ስክሪንሾት ደረሰኝ አይደለም። ባለፈው ዓመት አንዲት ደንበኛ በቴሌብር የከፈለች የሚያስመስል ምስል ልካልኝ፣ አውቶቡሱ ሊነሣ ስለነበር ሒሳቤን ሳላይ አራት ድሪያ ጫንኩላት፤ ገንዘቡ አልገባም፣ ስልኩም ከዚያ በኋላ አልተነሣም። አሁን ዕቃ የሚወጣው የራሴን ሒሳብ ከፍቼ ገንዘቡን ሳየው ብቻ ነው፤ ከተራ ስልክ ቁጥር የሚመጣ "ገቢ ሆኗል" የሚል መልእክትም አላምንም። የቻናልሽን ስም በአንድ ፊደል ለውጦ፣ ፎቶዎችሽን ወስዶ ቀብድ የሚሰበስብ ሰው መምጣቱ ስለማይቀር፣ ፎቶዎችሽ ላይ የቻናልሽን ስም ጻፊባቸው፤ ገንዘብ የሚገባበትንም የአንድ ሰው ስም ብቻ አድርገሽ አስታውቂ።

ወደፊት ብዙ እጅ ቀጥረሽ ማስታወቂያ የግድ ቢሆንብሽ፣ ያ ቲክቶከር ስንት ተከታይ እንዳለው ሳይሆን ተመልካቾቹ ከየት እንደሆኑ የሚያሳየውን የራሱን ገጽ ከፍቶ እንዲያሳይሽ ጠይቂው፤ ለራሱ ይታየዋል። ክፍያውን ለሁለት ክፈዪው። የምትሰጪውንም ቃል ራስሽ ጻፊለት፤ የኛው አስተዋዋቂ "ቀለሙ ፈጽሞ አይለቅም" ብሎብን ስንት ሰው ሲወቅሰን ከርሟል፤ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል።

ለአሁኑ በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ሰባት ስፌት መርጠሽ እንዳልኩሽ አንድ በአንድ ቅረጪና ውጤቱን እዚሁ ንገሪን። እናቴም ጥያቄሽን ሳነብላት ለእኅቷ ልጅ ሠርግ አንድ መካከለኛ መሶብ እፈልጋለሁ ብላለች፤ ዋጋውን በሚኒባስ እስከ ድሬ ከሚያስመጣው ጋር ጻፊልን፣ መቀመጫውንም ገልብጠሽ አሳያት፣ ካላየችው አትገዛም።