እየጾሙ ለምን ይወፍራሉ?

ጥያቄ፦ በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት እህል አልቀምስም። ክብደቴ ግን ጨመረ። ለምን ይሆን?

መልስ፦ ሰዓት መቆየት ብቻውን አያከሳም፤ የሚያከሳው በቀኑ ውስጥ የሚበሉት ጠቅላላ መጠን ሲቀንስ ነው። የጾም ወጥ ደግሞ ዘይት ይበዛበታል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ሽንኩርቱን ውሃ ጠብ እያደረጉ ያቁላሉ፤ ለአራት ሰው ሽሮ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃል። ሲፈቱ በሳምቡሳና ስኳር በበዛበት ሻይ አይጀምሩ፤ ውሃ ጠጥተው ጎመኑንና ምስሩን ያስቀድሙ።

ለስኳር በሽታ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ (የደም ስኳር የሚቀንስ ኪኒን) የሚወስዱ ከሆነ ግን፣ እባክዎ፣ ሐኪምዎ መጠኑን ሳያስተካክልልዎ አይጹሙ። ላብ ላብ ካለዎት፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም የደም ስኳርዎ ከ70 mg/dL በታች ከሆነ ጾሙን ወዲያው ያቋርጡ፤ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ።