ስለ ጳጉሜን 6 የጠየቀችው ልጅ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ቡና ልንጠጣ እንደተቀመጥን ስልኩን ዘረጋልኝ። የሥራ ማስታወቂያ ነው። «ጋሼ፣ አንድ ባንክ የቲ24 ፕሮግራመር ይፈልጋል፤ ባንኮች የሚሠሩበት ሶፍትዌር ነው አሉ። ኢንፎቤዚክ የሚባል ቋንቋ መቻል አለበት ይላል። እኔ የምሠራው የስልክ አፕ ነው፣ በፍላተር። ልማረው ወይስ ይቅርብኝ?»

መልስ ልሰጠው ስል አንዲት ልጅ ትዝ አለችኝና ዝም አልኩ።

ነገሩ በ1994 ዓ.ም. ነው። አንድ የግንባታ ድርጅት ውስጥ የፔሮሉን፣ ማለትም የደመወዙን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ ፎክስፕሮ 2.6 በሚባል የዳታቤዝ ቋንቋ፣ በዚያ በሰማያዊው የዶስ ስክሪን ላይ። ሥራው ሲበዛብኝ ረዳት ይቀጠርልኝ አልኩ። ማስታወቂያውንም ራሴ አረቀቅኩት፦ «በፎክስፕሮ 3 ዓመትና ከዚያ በላይ የሠራ/ች»። ለምን 3 ዓመት እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም። ሌሎች ማስታወቂያዎች ላይ አይቼው ይሆናል።

ልጅቷ ከዩኒቨርሲቲ ገና መውጣቷ ነው። የምታውቀው ፓስካልና ሲ የሚባሉትን የፕሮግራም ቋንቋዎች ነው። እንዴት ለቃለ መጠይቅ እንደተጠራች እንጃ፤ አመልካች ጥቂት ስለነበረ ሳይሆን አይቀርም። የፐርሶኔል ኃላፊው «ፎክስፕሮ ሠርተሻል?» አላት። «አልሠራሁም፣ ግን እማራለሁ» አለች። እሱም አንገቱን ነቀነቀና ወደ እኔ ዞረ። እኔ ደግሞ የፔሮል ወረቀት አውጥቼ ሰጠኋት፤ ያው ለይስሙላ ነው።

ረጅም ጊዜ አየችው። ዳር ዳሩ ቀዳዳ ያለው የፕሪንተር ወረቀት ነበር፤ በጣቷ መስመር መስመሩን ተከትላ ወረደች። ከዚያ «የቀን ሠራተኞቹ ጳጉሜንን እንዴት ነው የሚታሰብላቸው?» አለችኝ።

«አምስት ቀን ነዋ» አልኩ።

«በሉቃስስ?»

ሳቅኩ። ኃላፊውም ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን 6 እንደምትሆን አያቴም ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። ፕሮግራሙን ስጽፍ ግን 1992 ነበርና ነገሩ አልታወሰኝም። ይህን ለማመን ግን ኩራቴ አልፈቀደም። ወረቀቱ ላይ «የሥራ ልምድ የላትም» ብዬ ፈረምኩ። የተቀጠረው የፎክስፕሮ ትእዛዞችን ከኔ በላይ በቃሉ የሚያውቅ ልጅ ነው። ክፉ ሠራተኛም አልነበረም። የተሰጠውን ይሠራ ነበር፣ ያልተሰጠውን ግን አይጠይቅም።

ጳጉሜን 6 ቀን 1995 ሐሙስ ዋለች። በማግስቱ እንቁጣጣሽ ነው። ከሰዓት በኋላ ካቦው እየተጣደፈ ቢሮዬ ገባ። የቀን ሠራተኞቹ በሙሉ የአንድ ቀን ሒሳብ ጎድሎባቸዋል። ጸሐፊዋ 6 ብላ ስትመታ ማሽኑ ጢጥ እያለ አልቀበልም ሲላት ትታው አልፋለች። ገንዘብ ያዡ ደግሞ «ኮምፒውተሩ ያላወጣውን አልከፍልም» ብሎ ሳጥኑን ቆለፈ። ሰዎቹ ግቢው ውስጥ ተሰልፈው ቆመዋል፤ አንዱ ዶሮ ገዝቶ እግሯን አስሮ ይዟል፣ ሌላው ገና ሊገዛ ነው። ወጥቼ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ምን ብዬ ላስረዳ? ቀሪው የተከፈላቸው ከበዓሉ በኋላ ነው።

ማስተካከያው አንድ መስመር ነበር። ዓመተ ምሕረቱን ለአራት ሲያካፍሉት 3 ከተረፈ፣ ጳጉሜን ስድስት ናት። የልጅቷን ስም ረስቼዋለሁ። የት እንደገባችም አላውቅም።

የዘመን ነገር ከተነሳ፣ ፈረንጆቹ ወደ 2000 ሲሻገሩ ኮምፒውተሮቻችን ይበላሻሉ ብለው ጡረታ የወጡ የኮቦል ሰዎችን ሳይቀር ሲጠሩ፣ እኛ ቢሮ «የኛ ሁለት ሺህ ገና ነው» እያልን እንቀልድ ነበር። ኮቦል የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ የተወጠነው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በ2020 ኮሮና ሲገባ የኒው ጀርሲው ገዥ በቴሌቪዥን ወጥተው የኮቦል ፕሮግራመር ፈልጉልን አሉ፤ የሥራ አጦች ድጎማ የሚከፈልበት አሮጌ ማሽን በአመልካች ብዛት ተጨናንቆባቸው። የኔ ፎክስፕሮ ግን እንደዚያ አልታደለም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 ከ9ኛው ሥሪት በኋላ ሌላ አይወጣም ብሎ ነገሩን ዘጋው። እኔ ያኔ እንጀራዬ ሁሉ እሱ ነበር።

ስለዚህ ቋንቋ ይሞታል፣ ቋንቋ ላይ አትንጠልጠሉ እላችኋለሁ። የዛሬ ልጆች ደግሞ በዚህ ታስቁኛላችሁ፤ ሲቪያችሁ ላይ አሥራ አራት ቋንቋ ትደረድራላችሁ፣ የሁለት ወር ኮርስ ወስዳችሁ «ሲኒየር» ትባላላችሁ፣ ኮዱን የሚጽፍላችሁ ኤአይ ነው። ደንበኛው ስለሚሠራው ሥራ ግን አንድ ጥያቄ አይወጣችሁም። ሁላችሁም ማለቴ አይደለም። እንግሊዝኛ አሻሽሉ፣ ተለማመዱ ምናምን የሚለውን አልደግመውም፤ ሰልችቷችኋል።

ግን ውሸታም እንዳልሆን ሌላም ልንገራችሁ። ፎክስፕሮ ከሞተ በኋላ ለዓመታት ያበላኝ ያው ፎክስፕሮ ነው። ዳታቸውን ኤስኪውኤል ሰርቨር ወደሚባለው ሌላ ዳታቤዝ ማዛወር የፈለጉ መሥሪያ ቤቶች ሲደውሉ፣ የድሮውን ፋይል ከፍቶ የሚያነብላቸው ሰው ጥቂት ነበር። ያልኩትን ዋጋ ጠይቄ አገኝ ነበር። ቋንቋ ምንም አይደለም እያልኩ በቋንቋ ስኖር ኖሬያለሁ፣ ታዘቡኝ።

ለጎረቤቴ ልጅም «ተማረው» አልኩት። ቲ24 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጭምር የሚሠራበት ነገር ነው፤ ባንክ ደግሞ ሲስተም እንደ ሸሚዝ አይቀይርም። ኢንፎቤዚክ ቤዚክ የሚባለው የድሮ የፕሮግራም ቋንቋ ዘመድ ነው፣ ፕሮግራም ለሚያውቅ ሰው አይከብድም። ሌላ ቦታ ብዙ አይፈለግም፤ እዚያ ግን ያስፈልጋል። ፍላተሩንም አትተው አልኩት። «ብድር ላይ ወለድ በየቀኑ እንዴት እንደሚታሰብ ታውቃለህ?» አልኩት። አያውቅም። መጀመሪያ የባንክ ሠራተኛዋን እህትህን እሱን ጠይቃት አልኩት።

ሊሄድ ሲነሳ «ለመሆኑ ቀጣዩ ጳጉሜን 6 መቼ ነው?» አልኩት።

ስልኩን ፍለጋ ኪሱን ዳበሰ።