መጽሐፉን መልሺላት

እህቴ፣ ከባሕር ዳር የላክሽልኝን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ሌላውም አንባቢ እንዲገባው ባጭሩ ልድገመው፦ ልጅሽ 16 ዓመቷ ነው፣ 10ኛ ክፍል ናት፣ ከትንሽነቷ ጀምሮ ትንተባተባለች፣ እየሳቁባት ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት ካቆመች ቆየች። ፍራሿ ስር በጋዜጣ የተለበደ ልቦለድ አገኘሽ፣ ማንም የማይቀርባቸው ሁለት ልጆች የሚዋደዱበት፣ ዳር ዳሩ ላይ ደሞ ሁለት ሰው ጽፎበታል፣ እሷ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ የምትቀርበው አንድ ወንድ ልጅ ደሞ በእርሳስ። የልጁ አባት ደንገል አጭዶ ታንኳ የሚሠራ የነገደ ወይጦ ሰው ነው፣ ጣና ሐይቅ ዳር ከሚኖረው፣ ሰው ከሚያገለው ሕዝብ። መጽሐፉንም ስልኩንም ቀማሻት፣ አባቷ ገጠር አክስቷ ጋ ትሂድ ይላል፣ እሷ ይኸው 9 ቀን ቃል አልተነፈሰችም።

«ምን ጎደለባት?» ብለሻል። የሚሰማት ሰው ነዋ።

ለብልግናቸው ማስረጃ ብለሽ የገለበጥሽልኝን የእርሳስ ጽሑፍ እስቲ እንደገና እይው፦ «እዚህ ጋ ስታነቢልኝ መ ላይ ቆምሽ፣ እኔም ጠበቅኩሽ»። ገባሽ? ክፍል ውስጥ አፏን የማትከፍት ልጅ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብላ ለአንድ ሰው ጮክ ብላ ታነባለች ማለት ነው። እኔ እዚህ መስመር ላይ እንባዬ መጣ።

መንተባተብ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ነው የሚጀምረው፣ ደንግጣም አይደለም ያንቺም ጥፋት አይደለም። ግን ቤት ውስጥ «ተረጋጊ፣ ቀስ በይ» ስንላት፣ ቃሉን ቀድመን ስንጨርስላት፣ እየረዳናት ይመስለናል እንጂ ባሰባት። የሚረዳት ፊቷን እያዩ መጠበቅ ነው፣ ልጁ ማንም ሳያስተምረው ያደረገው እሱን ነው።

«ወይጦ መሆኑ ነው ያንገበገበኝ» ያልሽውን ደሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። እኔም የጣና ዳር ልጅ ነኝ፣ በታንኳቸው እየተሻገርን፣ ያጠመዱትን ቀረሶ ዓሣ እየገዛን እየበላን፣ ድሮ ጉማሬ ይበሉ ነበር ተብሎ ቤታቸው ግን ውሃ እንዳትጠጡ እየተባልን ነው ያደግነው። ስህተት ነበር፣ ዛሬም ስህተት ነው። ልጅሽን በምላሷ አገለሏት፣ እሱን በዘሩ፣ ሁለቱ ቢገናኙ ምን ይገርማል?

ፍርሃትሽን ግን አልንቀውም። ነገን አስቦ ስሜትን የሚገታው የአእምሮ ክፍል እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ መብሰሉን አይጨርስም፣ ስለዚ ወሰን ያስፈልጋታል፣ የት እንደምትሄድ ትንገርሽ፣ ሳይመሽ ትግባ፣ ስለ እርግዝናና ስለ ገላዋ ሳታፍሪ አንቺው ንገሪያት፣ ልጁንም ቤት ጥሪውና ቡና አጠጪው። የተደበቀ ነገር ነው የሚያስፈራው፣ አንቺ ፊት የተቀመጠ ልጅን ታውቂዋለሽ። ገጠር መላኩን ግን እባክሽ አባቷን ለምነሽም ቢሆን አስቀሪው፣ ከትምህርቷም ትቀራለች፣ ሁለተኛ ለናንተ ሚስጥር አትነግርም።

ዛሬ ማታ በሯን አንኳኪና መጽሐፉን በእጇ ስጫት። «ሳልጠይቅሽ ወሰድኩብሽ፣ ይቅርታ» በያት፣ በቃ ሌላ አትጨምሪ፣ መልስም አትጠብቂ፣ ውጪላት። ምግብ እምቢ ካለች፣ እንቅልፍ ካጣች ወይ መኖር አልፈልግም የሚል ነገር ከተናገረች ወይ ከጻፈች ግን አንድ ቀን አትደሪ፣ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይዘሻት ሂጂ።

ዝምታው ደሞ ቶሎ ላይሰበር ይችላል፣ ሳምንታትም ሊወስድ ይችላል፣ አትቸኩይ። አንድ ቀን ግን ጀበናው ምድጃ ላይ እያለ መጥታ «እ... እ... እማ» ብላ ከጀመረች፣ ቡናው ይገንፍል፣ ቃሉን አትጨርሺላት።