ጎንደር ለምትማሩ ወጣት ተመራማሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ጎንደር ውስጥ፣ ማይክሮስኮፕ ፊት ተቀምጬ ነው። የመመረቂያ ርዕስ ፍለጋ ብዙዎቻችሁ ወደ እኔ ትመጣላችሁ። ጥያቄያችሁ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ቶሎ የሚታተም ርዕስ የቱ ነው?» አልፈርድባችሁም። ዕድገቱም ስኮላርሺፑም የሚገኘው በሱ ነው። እኔ ግን ርዕስ መፈለግ ያለበት ታማሚው ከሚያድርበት ቦታ ነው ባይ ነኝ። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት እኛ አገር የሌለ አንድ በሽታ ላንሳ። ቻጋስ ይባላል።

ካርሎስ ቻጋስ ብራዚላዊ ሐኪም ነበር። ላሳንስ ወደምትባል ትንሽ ከተማ የተላከው የባቡር ሐዲድ ሠራተኞችን ከወባ እንዲታደግ ነው። እዚያ የባቡር ፉርጎ ውስጥ ይኖራል፣ እዚያው ይመረምራል፣ እዚያው ያክማል። አንድ ቀን አንድ የሐዲድ መሐንዲስ በድሆች የጭቃ ቤት ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ስለሚኖር፣ ሌሊት እየወጣ የተኛ ሰው ፊት ላይ ደም ስለሚመጥ ነፍሳት ነገረው። ቻጋስ «እኔ የመጣሁት ለወባ ነው» አላለም። ነፍሳቱን ሰብስቦ አንጀታቸውን ከፍቶ አየ። ፓራሳይት፣ ማለትም በሌላ ፍጡር አካል ውስጥ የሚኖር ጥገኛ ተሕዋስ፣ አገኘ። ከዚያ ያንኑ ፓራሳይት በቤት እንስሳት፣ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1909 ቤሬኒስ በተባለች ትኩሳት በያዛት ሕፃን ደም ውስጥ አገኘው። በሽታ አምጪውን፣ አስተላላፊውን ነፍሳትና ሕመሙን ያገናኘው ይኸው አንድ ሐኪም ነው። እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የመሐንዲሱን ወሬ ቁጭ ብሎ መስማቱ ነው።

መተላለፊያውን በደንብ እዩት። ነፍሳቱ ደም ከመጠጠ በኋላ እዚያው አካባቢ ይጸዳዳል። የተኛው ሰው ሲያክ ከዓይነ ምድሩ ጋር የወጣው ፓራሳይት በቁስሉ ወይም በዓይኑ ይገባል። በደም ልገሳ፣ በተበከለ ምግብ፣ ከእናት ወደ ልጅም ይተላለፋል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ትኩሳት ነው፤ አንዳንዴ ምንም ምልክት የለውም። ከዚያ ዓመታት፣ እንዲያውም አሥርት ዓመታት ዝም ይላል። ከታማሚዎቹ እስከ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት በኋላ ልባቸው ይጎዳል። ልብ ይደክማል፣ ምቱ ይዛባል፣ አንዳንዱ ሰው በድንገት ይወድቃል። የጉሮሮ ቧንቧውና አንጀቱ የሚያብጥበትም አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት በበሽታው የተያዙትን ከ7 ሚሊዮን በላይ፣ በዓመት የሚሞቱትን ደግሞ ወደ 10 ሺህ ይገምታቸዋል። እኔ ግን ሸክሙን በሞት ብቻ አትለኩት እላለሁ። መሥራት በሚችልበት ዕድሜ ልቡ የደከመ ገበሬ ከሞቱት መዝገብ ላይ የለም። ማሳውን የሚያርስለት ግን ማነው? መድኃኒት የለም እንዳትሉ፣ ቤንዝኒዳዞልና ኒፉርቲሞክስ ከተገኙ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏቸዋል። ሕፃናት ቶሎ ሲጀምሩት በአብዛኛው ይድናሉ። ሴቶች ልጆች ከማርገዛቸው በፊት ቢታከሙ ወደ ልጅ መተላለፉ ይቀንሳል። ሆኖም ብዙው ታማሚ መያዙን እንኳ አያውቅም። መድኃኒቱ አለ፤ ድሃው ቤት ግን አልደረሰም። ይህ ያናድደኛል።

አሁን ወደ እኛ እንመለስ። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ትኩሳት የሚያመጣና ጣፊያ የሚያሳብጥ በሽታ ነው፤ ፓራሳይቱ ከቻጋሱ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሊቦ ከምከም በተባለው የደጋ ወረዳ ሰው በትኩሳት ሲያልቅ መጀመሪያ ወባ ነው ተባለ። የወባ መድኃኒት ተሰጠ፤ አላዳነም። ካላዛር የመተማና የሁመራ ቆላ በሽታ ነው ተብሎ ይታሰብ ስለነበር ደጋ ላይ ማንም አልጠበቀውም። በኋላ ተመራማሪዎች ሰዉን የት እንደሚያድርና ምን እንደሚያረባ ጠየቁት። ከግራር ሥር ማደርና ውሻ ማሳደግ ከበሽታው ጋር ተያይዘው ተገኙ። አያችሁ? መልሱ የመጣው ሌሊቱን የት እንዳደሩ በመጠየቅ ነው።

ስለዚህ ከሰሊጥ አጨዳ የተመለሰ፣ ጣፊያው ያበጠ ልጅ ስታዩ ናሙና ወስዳችሁ ብቻ አትሰናበቱት። የት ሠራ? የት ተኛ? ዋልካው በተሰነጠቀበት፣ የአሸዋ ዝንቡ በሚደበቅበት ሜዳ ላይ ነው? አጎበር ነበረው? ከሱ ጋር የነበሩ ጓደኞቹስ የት አሉ? ሐኪም ቤት ከመምጣቱ በፊት ስንት ቦታ ዞረ፣ ስንት ብር ጨረሰ? እነዚህን ካርዱ ላይ ጻፏቸው። ለኔ ከናሙናው እኩል ዋጋ አላቸው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ደም የሰጣችሁ ቀበሌ ውጤቱን የማወቅ መብት አለው። ጥናቱ ሲያልቅ ተመልሳችሁ ሂዱ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹን ሰብስባችሁ በአማርኛ ንገሯቸው። ጥናታችሁ ውጭ አገር መጽሔት ላይ ወጥቶ እነሱ ሳይሰሙ ከቀሩ ነውር ነው።

ርዕስ ለምትፈልጉ ደግሞ ይኸውላችሁ። ለካላዛር የምንሰጠው የተለመደው ሕክምና 17 ቀን፣ በየቀኑ ሁለት መርፌ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ የተሠራ ጥናት አንዱን መርፌ ሚልቴፎሲን በሚባል የሚዋጥ መድኃኒት ተክቶ ሕክምናውን ወደ 14 ቀን አውርዶታል። ለቀን ሠራተኛ ሦስት ቀን የሦስት ቀን ደመወዝ ነው። ሚልቴፎሲን ግን ፅንስ ስለሚጎዳ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ለእሷ መርፌ የማያስፈልገው፣ ለልጇም የማያሰጋ ሕክምና ገና ይፈለጋል። ይህን ጥያቄ ለመያዝ የሚፈልግ ካለ ይምጣ፤ አብረን እንቀመጥበታለን።