ከለንደን ለአንድ ቀን ወደ ባሕር፦ ጥያቄና መልስ

ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ስለሚያልቁት የድሮ የባሕር ዳር ከተሞች ጠይቁኝ። አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ባሕሩ የሚሸሽበትንና የሚመለስበትን ሰዓት ሳታዩ ቲኬት አትቁረጡ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ልጆቼን ይዤ ሳውዝኤንድ ብሄድ ባሕር የለም፤ ጭቃ ብቻ!

መልስ፦ ባሕሩ ሸሽቶ ነው፣ እህቴ። ቦታው የቴምዝ አፍ ነው፤ ዳርቻው ዝርግ ስለሆነ ውኃው ሲጎድል አንድ ማይል ያህል ይርቃል። ፒሩም፣ ማለትም ከዳር ተነስቶ ባሕር ውስጥ የሚዘልቀው ድልድይ፣ የረዘመው ለዚህ ነው። ድሮ ከለንደን እንግዳ የሚያመጡት መርከቦች ውኃው ሲጎድል መጠጋት አቃታቸው፤ ከተማው ራሱ ወደ ውኃው ሄደላቸው። ፒሩ በ1830 በእንጨት ተከፈተ፤ በ1889 በብረት ተተካ። ዛሬ 2.1 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በዓለም ካሉት የመዝናኛ ፒሮች ረጅሙ ነው። ጫፉ በ1976 ተቃጠለ፣ በ2005ም ደገመው፤ አሁንም ቆሟል። በእግር ሂዱና በላዩ በሚሄደው ባቡር ተመለሱ፤ ልጆቹ አይረሱትም። ጭቃው ላይ ግን አትራቁ። ውኃው ሲመለስ ከፊት ብቻ አይመጣም፤ በቦዮቹ ዞሮ ከኋላ ይከብባል። ሰው ከተያዘ 999 ደውላችሁ ኮስትጋርድ (የባሕር አደጋ ነፍስ አድን) በሉ።

ጥያቄ፦ የትኛው ከተማ ይሻላል?

መልስ፦ ለምን? ለልጅ? ለዋና? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

ጥያቄ፦ በፍልሰታ ዓሣና ቺፕስ ይበላል?

መልስ፦ የንስሐ አባትህን ጠይቅ። እኔ የማውቀው አንዳንዱ ቤት ቺፕሱንም በከብት ሞራ እንደሚጠብስ ነው። ሳትጠይቅ አትዘዝ።

ሌላ አባል፦ ጣና ዳር ያደግን ሰዎች በጾም ዓሣ በልተናል።

ሌላ አባል፦ እኛ ቤት ገብቶ አያውቅም! ዓሣ ደም የለውም ያለው ማነው?

ሌላ አባል፦ ታዲያ ሁዳዴ ሲገባ የዓሣው ሰልፍ የማን ነው?

መልስ፦ ወደ ባሕሩ እንመለስ።

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር ከተማዋ ማርጌት ሞታለች ይላሉ።

መልስ፦ ሰዉ ከ1960ዎቹ ወዲህ በርካሽ አውሮፕላን ስፔን ሲጎርፍ ተጎዳች፤ አልሞተችም። ሠዓሊው ተርነር የወደደው ሰማይ ዛሬም እዚያው ነው፤ በስሙ የተሠራው የሥዕል ማሳያ በ2011 ተከፍቷል።

ጥያቄ፦ ሳውዝኤንድ በስንት ሰዓት ልሂድ?

መልስ፦ ከላይ ተናግሬያለሁ! ባሕሩ የሚመለስበት ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይገፋል፤ የትላንቱ ለዛሬ አይሆንም። የባሕሩ ሰዓት ሰንጠረዥ በግሪንዊች ሰዓት ከሆነ በበጋ አንድ ሰዓት ጨምሩ። ባቡሩ ከለንደኑ ፌንቸርች ስትሪት ጣቢያ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል።

ጥያቄ፦ ሄርን ቤይ ላይ ባሕሩ መሀል ብቻውን የቆመው ምንድን ነው?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። የፒሩ ጫፍ ነው። በ1978 ማዕበል መሀሉን ወሰደው፤ ሥሩ መሬት ላይ፣ ጫፉ ባሕር ውስጥ ቀረ። መርከብ ይቆምበት የነበረው ቦታ ዛሬ የሚደርስበት እግረኛ የለም። እኔ ዳር ተቀምጬ እሱን ሳይ ብዙ ቀን መሽቶብኛል። ውኃው ሲሞላ ሂዱ፤ ያኔ ነው ርቀቱ የሚታወቀው።